በርት ዊልያምስ፤ ፊቱን በጥላሸት ሸፍኖ ሕዝብን ያሳቀ ሰው

የአድዋ ድል አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ማለት በኤውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1906፣ በኒው ዮርክ ከተማ በማጀስቲክ ቴአትር አንድ አዲስ የሙዚቃ ጨዋታ ተከፈተ። ስሙ «አቢሲኒያ» ይባላል። የታሪኩ ቦታ አገራችን ስትሆን፣ ከባለታሪኮቹም አንዱ ዳግማዊ ምኒልክ ነበሩ። ደራሲዎቹም፣ የዜማው ጠቢባንም፣ ተጫዋቾቹም ጥቁር አሜሪቃውያን ናቸው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ አንድ ቁመቱ ረዥም፣ ትከሻው የወደቀ፣ ፊቱ በጥላሸት የጠቆረ ምስኪን እንግዳ ሰው በስርቆት ተከሶ ፍርዱን ይጠባበቃል። ደወሉ ሦስት ጊዜ ከተመታ እጁ ይቆረጣል፤ አራት ጊዜ ከተመታ ግን ነጻ ይወጣል። አንድ ጊዜ ተመታ፤ ሁለት ጊዜ ተመታ፤ ሦስተኛውም ተመታ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ሰውየው አንዲት ቃል ሳይናገር፣ በፊቱና በትከሻው ብቻ ተስፋውንና ፍርሃቱን ሲያሳይ ተመልካቹ በሳቅና በጭንቀት መካከል ተሰቅሎ ይቆይ ነበር። አራተኛው ደወል ሲመታ አብሮት ነጻ የሚወጣ እስኪመስለው ድረስ ነው።

ይህ ሰው በርት ዊልያምስ ይባላል። ከእኛ መካከል የአድዋን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ ዳሩ ግን የድሉ ዜና ባሕር ተሻግሮ የአንድ ጥቁር ኮሜዲያን መድረክ ላይ እንዴት እንደደረሰ የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔም ስለ ቴአትር ታሪክ ሳነብ ድንገት ባላገኘው ኖሮ አላውቀውም ነበር። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባብያን በአጭሩ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በርት ዊልያምስ ኖቬምበር 12 ቀን 1874 በባሃማስ ደሴቶች በናሶ ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪቃ ተሻግሮ በመጀመሪያ በፍሎሪዳ፣ በኋላም በካሊፎርኒያ በሪቨርሳይድ ከተማ ተቀመጠ። በዚያም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ። መልኩ ቀላ ያለ፣ አነጋገሩ የታረመ፣ መጻሕፍት የሚወድ ወጣት ነበር። የደቡብ አሜሪቃ ጥቁሮች የሚናገሩትን እንግሊዝኛ አያውቀውም ነበር፤ በኋላ በመድረክ ላይ እንዲናገረው በተገደደ ጊዜ እንደ ባዕድ ቋንቋ ቁጭ ብሎ አጥንቶታል። አንባቢ ይህን ነገር ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና።

በዚያ ዘመን በአሜሪቃ ጥቁር ሰው በመድረክ ላይ የሚታይበት መንገድ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። ከ1830ዎቹ ጀምሮ ነጮች ቡሽ አቃጥለው በጥላሸቱ ፊታቸውን እየቀቡ፣ ከንፈራቸውን እያሰፉ፣ ጥቁሩን ሰው ሰነፍ፣ ሌባና ሞኝ አድርገው በመጫወት ብዙ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ይህ ጨዋታ «ሚንስትረል» ይባላል። ሕዝቡም ከመልመዱ የተነሣ እውነተኛው ጥቁር ሰው በመድረክ ላይ ሲወጣ እንኳ የሚጠብቀው ያንኑ ሥዕል ሆነ። እንግዲህ ጥቁሩ ተጫዋች ራሱን መጫወት አልተፈቀደለትም፤ ነጩ ስለ እርሱ የሠራውን ሥዕል መልሶ እንዲኮርጅ ተገደደ። ገበያው እንዲህ ነበር፤ እንጀራም የሚገኘው ከዚሁ ገበያ ነበር።

ዊልያምስ በ1893 በሳን ፍራንሲስኮ ከአንድ አነስተኛ የሚንስትረል ጓድ ጋር ገብቶ ሲሠራ ጆርጅ ዎከር ከሚባል የካንሳስ ተወላጅ ወጣት ጋር ተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለአሥራ ስድስት ዓመታት ያህል አልተለያዩም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ከተማ ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። በዚያም ለትርኢት የሚቀመጡ የዳሆሜ ሰዎች፣ ማለት የዛሬዋ ቤኒን ተወላጆች፣ መርከባቸው በመዘግየቱ በእነርሱ ምትክ ሌሎች ጥቁሮች በገንዘብ ተቀጠሩ። ከተቀጠሩት መካከል ዊልያምስና ዎከር ይገኙበታል። እውነተኞቹ አፍሪቃውያን ከመጡ በኋላ ሁለቱ ወጣቶች እየሄዱ ይመለከቷቸው ነበር። ዎከር በኋላ እንደ ጻፈው ወደ ፊት በመድረክ ላይ የአፍሪቃን ነገር ለማቅረብ ያሰቡት በዚያን ጊዜ ነው። ለመሳለቂያ የተጀመረ ነገር አንዳንድ ጊዜ ለቁም ነገር ዘር ይሆናል።

ሁለቱ በመጀመሪያ ሲጫወቱ ቀልደኛው ዎከር፣ ቁም ነገረኛው ዊልያምስ ነበረ። አንድ ቀን ግን በዲትሮይት ከተማ ዊልያምስ ለጨዋታ ያህል ፊቱን በጥላሸት ቀብቶ ወጣና ዘፈነ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በሳቁ ከሁሉ ይበልጥ የተገረመው ራሱ ዊልያምስ ነበረ። በ1918 ስለ ሥራው ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው ራሱን በተጫዋችነት ያገኘው በዚያን ቀን ነው። ዓይን አፋርና ዝምተኛ ሰው ስለ ነበረ ከጥላሸቱ በስተጀርባ ሲቆም ድፍረት አገኘ። ከዚያም ቀን ጀምሮ ክፍላቸው ተለዋወጠ። ዎከር ያማረ ልብስ ለብሶ፣ በትሩን እያዞረ፣ በየደቂቃው አዲስ ዕቅድ የሚያወጣ ቄንጠኛ ሆነ። ዊልያምስ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ጫማው ከእግሩ የሚሰፋ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላው የሚቀደድበት ዓይነት ዕድለ ቢስ ሆነ።

በ1896 ወደ ኒው ዮርክ መጥተው ኬክዎክ በተባለው ዳንስ ስማቸው ታወቀ። በማስታወቂያቸው ላይ ጥቁሮችን ለመስደብ የሚጠራውን የስድብ ስም ወስደው «እውነተኞቹ» የሚል ቃል ጨመሩበት። የነገሩ ምሥጢር ግልጽ ነው፤ ጥላሸት የተቀቡት ነጮች አስመሳዮች መሆናቸውን ለማሳወቅ ነው። ዳሩ ግን ስድቡን ለመመለስ ስድቡን ራሱን ስም አድርጎ መሸከም አስፈለጋቸው። ዝናውም ከጥቃት አላዳናቸውም። በነሐሴ ወር 1900 በኒው ዮርክ የዘር ሁከት በተነሣ ጊዜ የነጮቹ ሁከተኞች እየጮኹ ከሚፈልጓቸው ሰዎች መካከል የዊልያምስና የዎከር ስም ይገኝ ነበር። በቴአትር ቤት ያጨበጨበና በመንገድ ላይ ድንጋይ ያነሣ ሕዝብ በአንድ ከተማ ውስጥ አብሮ ይኖር ነበር።

ሁለቱ ግን ዓላማቸውን አልጣሉም። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1903 «በዳሆሜ» የተባለው የሙዚቃ ቴአትር በኒው ዮርክ ታላቅ ቴአትር ቤት ተከፈተ። በጥቁሮች ተደርሶ በጥቁሮች ብቻ የተሠራ ሙሉ ቴአትር ከብሮድዌይ ዋና ዋና ቴአትር ቤቶች በአንዱ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዜማውን ያዘጋጀው ዊል ማርዮን ኩክ፣ ድርሰቱን የጻፈው ጄሲ ሺፕ ናቸው። ቢሆንም በዚያ ምሽት ጥቁር ተመልካቾች የተፈቀደላቸው ቦታ የላይኛው ሰገነት ብቻ ነበር። የራሳቸው ሰዎች በመድረኩ ላይ ነግሠው፣ እነርሱ ግን ከታች ከነጮች ጋር ሊቀመጡ አልቻሉም። በዚያው ዓመት ጓዱ ወደ ሎንዶን ተሻገረ። ጁን 23 ቀን 1903 በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ትእዛዝ የንጉሡ የልጅ ልጅ የዘጠነኛ ዓመት የልደት በዓል በሚከበርበት ዕለት በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ተጫወቱ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ «አቢሲኒያ» እንመለስ። ከአድዋ በኋላ የኢትዮጵያ ስም በጥቁር አሜሪቃውያን ዘንድ እጅግ የከበረ ነበር። ከዚህም በላይ በ1903 መጨረሻ ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪቃ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ስለ ተፈራረመ አገራችን በአሜሪቃ ጋዜጦች ላይ ትነሣ ነበር። ጄሲ ሺፕና አሌክስ ሮጀርስ የጻፉት ታሪክ የሚከተለው ነው። የካንሳስ ጥቁሮች የሎተሪ ዕድል ወጥቶላቸው ዓለምን ለማየት ይነሡና የአባቶቻቸውን ምድር ለመጎብኘት ኢትዮጵያ ይደርሳሉ። ዎከር ራስተስ የተባለውን ባለ ገንዘብ፣ ዊልያምስ ጃስፐር የተባለውን ወዳጁን ሆነው ይጫወታሉ። የሚያስቁት ከአሜሪቃ የመጡት እንግዶች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ባለ ግርማ ሆነው ቀረቡ። በአሜሪቃ መድረክ ላይ ጥቁር ንጉሥ ሳይሳቅበት መቅረቡ ለዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አልነበረም።

ይህን ስጽፍ ቴአትሩ አገራችንን በትክክል አሳይቷል ማለቴ አይደለም። ከሠሪዎቹ የሚበዙት አገራችንን በጽሑፍና በወሬ ብቻ የሚያውቁ ነበሩ፤ ከእውነቱ ይልቅ ምኞታቸውን ሣሉ። ቢሆንም ምኞቱ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ከነጮቹ ሐያስያን አንዳንዶቹ ቴአትሩን ከመጠን በላይ ቁም ነገር አበዛ ብለው ነቀፉት፤ ከጥቁር ተጫዋች የሚፈልጉት ጭፈራና ቧልት ብቻ ነበርና። በኒው ዮርክ የታየው ከአንድ ወር ላነሰ ጊዜ ነው።

በዚህ ወራት ዊልያምስ «ኖባዲ» የተባለውን ዘፈን ይዞ ወጣ። ትርጓሜው «ማንም» ማለት ነው። ቃሉን አሌክስ ሮጀርስ፣ ዜማውን ራሱ ዊልያምስ አወጡት። የሚናገረውም በችግሩ ጊዜ የሚደርስለት ሰው ስላጣ ምስኪን ነው። ዊልያምስ ይህን ዘፈን ሲጫወት ከኪሱ አንዲት የማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ቃሉን እንደሚፈልግ ሰው ገጹን ቀስ ብሎ ይገልጥ ነበር። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። በ1906 በሸክላ ተቀርጾ በብዙ ቤት ተሰማ። ከዚያ በኋላ በወጣበት መድረክ ሁሉ ይህን ዘፈን ካልዘፈነ አይለቁትም ነበር፤ እርሱም ሊሰለቸው ደርሶ ነበር። የቀልዱ ምሥጢር ግን እዚህ ላይ ነው። ሌሎች ጥላሸት የተቀቡ ተጫዋቾች ጥቁሩ ሰው ስለ ሞኝነቱ እንዲሳቅበት ያደርጉ ነበር። ዊልያምስ ግን ሰውየው የሚሳቅበት ዕድሉ ስለ ጠመመበት ብቻ እንዲሆን አደረገ። ዕድል የጠመመበት ሰው ደግሞ በማንኛውም ቀለም ይገኛል። ስለዚህ ነጩ ተመልካች በጥቁር ሰው የሚስቅ እየመሰለው በራሱ ይስቅ ነበር።

በ1909 ዎከር ታመመ። ጓዱ ይጫወተው በነበረው «ባንዳና ላንድ» በተባለው ቴአትር የእርሱን ክፍል ሚስቱ ኤይዳ ኦቨርተን ዎከር የወንድ ልብስ ለብሳ ተጫወተችው። እርሱ ግን ሳይድን ጃንዋሪ 6 ቀን 1911 ሞተ። የጓዱ የንግድና የአስተዳደር ራስ ዎከር ነበረና ዊልያምስ ብቻውን ቀረ። በ1910 ፍሎሬንዝ ዚግፌልድ የተባለው የታወቀ የቴአትር ባለቤት «ፎሊስ» ከሚባለው ዓመታዊ ትርኢቱ ጋር እንዲሠራ ጠራው። የትርኢቱ ተጫዋቾች ሁሉ ነጮች ነበሩ። ከጥቁር ጋር አንሠራም ብለው ባደሙ ጊዜ ዚግፌልድ ከዊልያምስ በቀር የማንኛችሁንም ምትክ ማግኘት እችላለሁ ሲል መለሰላቸው፤ አድማውም ቀረ። ዊልያምስም ያለማቋረጥ ባይሆንም እስከ 1919 ድረስ በዚያ ትርኢት ሠራ። ከስምምነቱ አንዱ በመድረክ ላይ ከነጭ ሴት ጋር ብቻውን እንዳይታይ የሚል ነበር፤ ይህንንም ለደኅንነቱ ሲል ራሱ የፈለገው መሆኑ ይነገራል።

በ1911 ከሊዮን ኤሮል ጋር የተጫወተው ጨዋታ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ዊልያምስ የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ፣ ኤሮል እንግዳ መንገደኛ ናቸው። ጣቢያው ገና እየተሠራ ስለሆነ ተሸካሚው መንገደኛውን በገመድ አስሮ በብረቶቹ ላይ እየመራ ያሻግረዋል። መንገደኛው በወደቀ ቁጥር እየጎተተ ያወጣዋል። በመጨረሻ ጉርሻው 5 ሳንቲም ብቻ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ግን ገመዱን ዝም ብሎ ይለቀዋል። በኒው ዮርክ መድረክ ላይ ጥቁር ሰው በነጭ ሰው ላይ ገመድ ለቆ ነጮች በሳቅ ሲያጨበጭቡ ማየት የሚቻለው በዚያ ሰዓት ብቻ ነበር።

ከመድረክ ሲወርድስ? ከዚያ ወዲያ ያለው ሕይወት ሌላ ነበር። በጉዞ ላይ ባልደረቦቹ በሚያድሩበት ሆቴል እንዲያድር አይፈቀድለትም፤ ቢፈቀድለትም በእቃ መጫኛው አሳንሰር እንዲወጣ ይነገረው ነበር። አንድ ጊዜ መጠጥ ቤት ገብቶ ጂን ባዘዘ ጊዜ አሳላፊው ሊያባርረው ፈልጎ የአንዱ ብርጭቆ ዋጋ 50 ዶላር ነው አለው ይባላል። ዊልያምስም ሳይቆጣ የ500 ዶላር ኖት አውጥቶ ለቤቱ ሁሉ አሥር ብርጭቆ አዘዘ ተብሎ ይተረካል። እንደዚህ ያለው ታሪክ ሲነገር ያስቃል፤ የደረሰበት ሰው ግን የሆዱን በሆዱ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። አብሮት የሠራው ኮሜዲያን ፊልድስ፣ ዊልያምስን ካያቸው ሰዎች ሁሉ የሚያስቀውም የሚያዝነውም እርሱ እንደ ነበረ መስክሮለታል። ማታ ማታ ከሚስቱ ከሎቲ ጋር በሃርለም በሚገኘው ቤቱ ተቀምጦ መጻሕፍት ያነብ ነበር።

ጥቁር ወገኖቹ ስለ እርሱ የነበራቸው አሳብ የተከፈለ ነው። ቡከር ዋሺንግተን በ1910 ስለ እርሱ ጽፎ ለወገኑ ከእኔ ይልቅ ጠቅሟል እስከ ማለት ደርሷል። ሌሎች ግን ጥላሸቱን አለመጣሉንና በነጮች ትርኢት ውስጥ ብቻውን መግባቱን ነቀፉ። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው እውነት አላቸው ብዬ አምናለሁ። በሩን የከፈተው ጎንበስ ብሎ ነው። ሳይጎነበስ ቢቀር ኖሮ በሩ ይከፈት ነበር ወይ ለማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ ለእርሱ ግን ቀላል አልነበረም።

ሲኒማም ሠርቷል። በ1916 ከባዮግራፍ ኩባንያ ጋር የሠራው «ኤ ናቹራል ቦርን ጋምብለር» የተባለው አጭር ፊልም እስከ ዛሬ አለ። በመጨረሻው ክፍል እስር ቤት ብቻውን ተቀምጦ፣ ካርታ ሳይኖረው፣ ተጫዋች ሳይኖረው፣ በባዶ እጁ ፖከር ይጫወታል። ያከፋፍላል፤ ይወራረዳል፤ ይሸነፋል። ይህ በመድረክ ላይ የታወቀበት ጨዋታ ነበር። ከዚህም ሌላ በ1913 ከብዙ ጥቁር ተጫዋቾች ጋር የጀመረው ፊልም ሳይጠናቀቅ ተትቶ ሳለ፣ ቁራጮቹ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተጠብቀው ከመቶ ዓመት በኋላ በ2014 ለሕዝብ ታዩ። በዚያ ውስጥ ጥላሸት የተቀባው ዊልያምስ ብቻ ነው። ሌሎቹ በገዛ መልካቸው ይስቃሉ፣ ይጨፍራሉ፣ በበዓል ቀን ይንሸራሸራሉ። እርሱ አንዱ ጥላሸቱን ተሸክሞ ሌሎቹ በመልካቸው እንዲታዩ ያደረገ ይመስላል።

በ1922 መጀመሪያ «በቀርከሃው ዛፍ ሥር» በተባለው ቴአትር ዋና ተጫዋች ሆኖ እየተዘዋወረ ሲሠራ የሳንባ ምች ያዘው። ትርኢቱ በእርሱ ብቻ የቆመ ስለ ነበረ፣ ቢያቋርጥ የባልደረቦቹ እንጀራ እንደሚቋረጥ ያውቅ ነበርና ሕመሙን ደብቆ መጫወቱን ቀጠለ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን በመድረክ ላይ እንዳለ ወደቀ። ሕዝቡ የጨዋታው ክፍል መስሎት ሳቀ። ከተማውም ዲትሮይት ነበር፤ ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በጥላሸት ቀብቶ ያሳቀበት ያው ከተማ። ወደ ኒው ዮርክ ተወስዶ ማርች 4 ቀን 1922 በ47 ዓመቱ ዐረፈ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ፣ ጥቁርም ነጭም፣ ሬሳውን ተሰናበተ። የተቀበረው በብሮንክስ በውድላውን መካነ መቃብር ነው። ዱክ ኤሊንግተን በ1940 በስሙ አንድ የሙዚቃ ድርሰት አውጥቶለታል።

ከመጨረሴ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት መናገር ግድ ይለኛል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በዓመት መዝጊያ ቴአትር ላይ ከገጠር የመጣ አሽከር ሆኜ ተጫውቼ ነበር። አማርኛ የሚያንተባትበው፣ ሁሉ ነገር የሚያስደነግጠው፣ ከደረጃ የሚወድቅ አሽከር ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔም ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ከጨዋታው በኋላ ያንን ቋንቋ በእናቱ ቤት የሚናገረው የክፍል ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሞ ልብሴን አጣጥፎ ሰጠኝ እንጂ ስለ ጨዋታው ምንም አልተናገረም። በዚያን ጊዜ ዝምታው አልገባኝም ነበር። የገባኝ አሁን የዊልያምስን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው። እኔ ያደረግሁት ጥላሸቱን ከቀቡት ነጮች የሚለይ አይደለም፤ ልዩነቱ ጥላሸቱን በፊቴ ሳይሆን በምላሴ ላይ መቀባቴ ነው።

በዩኒቨርሲቲያችን የቴአትር ክበብ መድረክ ላይም ይህ አሽከር በየዓመቱ ስሙን እየለወጠ ይወጣል። እንዳይወጣ ይከልከል አልልም፤ ሳቅን የሚከለክል ሰው ከሳቅ የከፋ ነገር ያመጣል። ነገር ግን ጽሑፍ የምታዘጋጁ ጓደኞቼ አንድ ነገር እንድታስቡ እለምናችኋለሁ። ያ ሰው ሲወድቅ የምንስቀው ዕድሉ ስለ ጠመመበት ነው ወይስ ከዚያ አገር ስለ መጣ? በርት ዊልያምስ ይህን ልዩነት ለማስተማር ሃያ አምስት ዓመት ያህል ፊቱን ሸፍኖ ኖረ። ከአዳራሹ ስንወጣም በር ላይ ልብስ አጣጥፎ የሚጠብቀንን ጓደኛችንን ፊት ቀና ብለን እንይ።